ቤን ሆጋን፦ ስለ ሕይወቱና ስለ ጎልፍ ሙያው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካዊውን የጎልፍ ተጫዋች የቤን ሆጋንን ስም የሰማ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚሰማው ከሞት ያመለጠበትን የመኪና አደጋ ነው። አደጋው የሕይወቱ ትልቅ ምዕራፍ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ያሳለፋቸው ሃያ የሚጠጉ የድካም ዓመታት ካልታወቁ፣ ከአደጋው በኋላ የሠራው ሁሉ ተአምር ብቻ መስሎ ይቀራል። ስለዚህ ከታች ባሉት መልሶች ለእነዚያ ዓመታት ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤን ሆጋን ማን ነው?

ቤን ሆጋን ኦገስት 13 ቀን 1912 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ስቲቨንቪል በተባለች ከተማ የተወለደ ባለሙያ የጎልፍ ተጫዋች ነው። በአሜሪካ የባለሙያዎች የውድድር ዙር 64 ጊዜ አሸንፏል፤ ከእርሱ በላይ ያሸነፉት ሳም ስኒድ፣ ታይገር ዉድስና ጃክ ኒክላውስ ብቻ ናቸው። በጎልፍ ዓለም “ሜጀር” ተብለው ከሚጠሩት አራት ታላላቅ ውድድሮች፣ ማለትም ከማስተርስ፣ ከዩኤስ ኦፕን፣ በብሪታንያ ከሚካሄደው ኦፕን ሻምፒዮናና ከፒጂኤ ሻምፒዮና፣ በድምሩ 9 ዋንጫ ወስዷል። አራቱንም ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ ያሸነፉ ወንዶች እስከ 2025 ድረስ ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ ሆጋን ከጂን ሳራዘን ቀጥሎ ሁለተኛው ነው።

ልጅነቱ ምን ይመስል ነበር?

ከባድ ነበር። አባቱ ቼስተር ሆጋን ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ቤተሰቡም ደብሊን በተባለች ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ይኖር ነበር። በኋላ ወደ ፎርት ወርዝ ተዛወሩ፤ በ1922 መጀመሪያ ላይም አባቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ቤን ያን ጊዜ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ክላራ ልብስ እየሰፋች ቤተሰቡን ስታስተዳድር፣ ልጆቹም የየበኩላቸውን ማገዝ ነበረባቸውና ቤን በከተማው የባቡር ጣቢያ ጋዜጣ ይሸጥ ጀመር።

በአሥራ አንድ ዓመቱ፣ በግሌን ጋርደን የጎልፍ ክበብ የተጫዋቾችን ዱላ የሚሸከሙ ልጆች ጋዜጣ ከመሸጥ የተሻለ ገንዘብ እንደሚያገኙ ሰማ። ካዲ የሚባለው ይህ ሥራ የሀብታሞችን የዱላ ከረጢት ተሸክሞ ሜዳውን መዞር፣ የጠፋ ኳስ መፈለግና የተጫዋቹን አመታት ዝም ብሎ መመልከት ነው። ብዙ የዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች ጎልፍን የተማሩት በዚሁ መንገድ ነበር። በ1927 የገና ሰሞን ክበቡ ለካዲዎቹ ባዘጋጀው ውድድር ሆጋን ከአንድ እኩያው ጋር እኩል ወጣና፣ በመለያው ጨዋታ በአንድ ምት ተሸነፈ (በጎልፍ የሚያሸንፈው ኳሱን በጥቂት ምት ወደ ቀዳዳዎቹ ያስገባው ነው)። ያ እኩያው ባይረን ኔልሰን ነበር፤ እርሱም በኋላ ከዓለም ታላላቆች አንዱ ሆኗል። በአንድ ክበብ፣ በአንድ ዘመን፣ ከድሃ ቤት የወጡ ሁለት ልጆች ወደዚህ ደረጃ መድረሳቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ባለሙያ ከሆነ በኋላ ለማሸነፍ አሥር ዓመት የፈጀበት ለምንድን ነው?

ሆጋን ትምህርቱን አቋርጦ በ1930፣ በ17 ዓመቱ፣ ባለሙያ ተጫዋች ሆነ። ጊዜው ኢኮኖሚው የወደቀበት፣ የሽልማት ገንዘብ አነስተኛ የሆነበትና ከፊት ከተሰለፉት ጥቂቶች በቀር ማንም ባዶ እጁን የሚመለስበት ነበር። በጉዞ ላይ ገንዘቡ ባለቀ ቁጥር ወደ ፎርት ወርዝ እየተመለሰ ያገኘውን ሥራ ሁሉ ይሠራና ጥቂት ሲቋጥር እንደገና ይወጣ ነበር።

ከገንዘብ እጦት የባሰው ግን አመታቱ ነበር። ሆጋን ኳሱን በኃይል ሲመታ፣ ኳሱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከዚያ በድንገት ወደ ግራ ይታጠፍ ነበር። እንዲህ ያለ ኳስ መሬት ከነካ በኋላም ብዙ ስለሚንከባለል ጫካ ወይም ውሃ ውስጥ ለመግባት ቅርብ ነው። ተጫዋቹ ሦስት ቀን በጥሩ ሁኔታ ከተጫወተ በኋላ በአራተኛው ቀን፣ ውጥረት በበረታበት ሰዓት፣ በሁለት እንዲህ ባሉ ምቶች ድካሙን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። በሆጋንም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

በ1935 ያገባት ቫለሪ ፎክስ በእነዚህ ዓመታት ከጎኑ አልተለየችም። በ1938 መጀመሪያ ላይ ባልና ሚስቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ሲደርሱ የቀራቸው ገንዘብ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚበቃ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሆጋን ወደ ውድድሩ ሊሄድ ሲወጣ የመኪናው ጎማዎች ተሰርቀው፣ መኪናውም በድንጋይ ተደግፎ ቆሞ አገኘው። በሌላ ተጫዋች መኪና ተሳፍሮ ወደ ሜዳው ሄደ፤ ተጫወተም። ያን ሳምንት ያገኘው የሽልማት ገንዘብ ብዙ ባይሆንም ጉዞውን ለመቀጠል በቃው። ባይበቃው ኖሮ ዛሬ ስለ እርሱ የምንጽፈው ነገር አይኖርም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚያው ዓመት ከቪክ ጌዚ ጋር ተጣምሮ የጥንድ ውድድር አሸነፈ፤ ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ግን በ1940 በፓይንኸርስት ነው። ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት ውድድሮችን ደርቦ ወሰደ።

የአመታቱን ችግር እንዴት አስተካከለው?

በልምምድ ነው፤ ነገር ግን “በልምምድ” የሚለው ቃል ብቻውን ጉዳዩን አይገልጸውም። በዚያ ዘመን አብዛኛዎቹ ተጫዋቾች ከውድድር በፊት ጥቂት ኳሶችን መትተው ሰውነታቸውን ያፍታቱ እንደሆነ እንጂ፣ ዙሩን (የ18 ቀዳዳዎቹን ጨዋታ) ከጨረሱ በኋላ ወደ ልምምድ ሜዳ መመለስ የተለመደ አልነበረም። ሆጋን ይመለስ ነበር፤ አንዳንዴም እስኪጨልም ይቆይ ነበር። አንድ ካዲ ባዶ ከረጢት ይዞ ከሜዳው ወዲያ ይቆማል፤ ሆጋን ኳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ልጁ ይመታል። ቀኑ የሠመረ መሆኑ የሚታወቀው ልጁ ኳስ ለመልቀም በሚራመደው እርምጃ ብዛት ነው፤ ልጁ ከቆመበት ብዙም ካልተንቀሳቀሰ ሆጋን ዱላውን ለውጦ ሌላ ርቀት ይጀምራል። በእያንዳንዱ ዱላ ኳሱ ምን ያህል እንደሚሄድ ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ ይህን ይደጋግም ነበር።

ወደ ግራ የሚታጠፈውን ኳስ ያስተካከለው በዋናነት የግራ እጁን አያያዝ በመለወጥ ነው። እጁን በዱላው ላይ ጥቂት ወደ ግራ አዞረው፤ ዱላውን ወደ ላይ ሲያነሣም የግራ እጁ አንጓ በጥቂቱ ወደ ኋላ እንዲጎብጥ አደረገ። በዚህም የዱላው ፊት ኳሱን ሲያገኝ ቶሎ መዘጋቱን አቆመ፤ ኳሱም ወደ ግራ ከመታጠፍ ይልቅ መጨረሻ ላይ በዝግታ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ሆነ። እንዲህ ያለው ኳስ ርቀቱ በጥቂቱ ቢያንስም ባረፈበት ስለሚቆም ለመገመት ይመቻል። ይህን “ምስጢር” በ1955 ለአንድ መጽሔት ገልጾታል፤ ሰዎች ግን የደበቀው ሌላ ነገር ይኖራል እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ከአሥራ አምስት ዓመት ልምምድ ይልቅ በአንድ የእጅ አንጓ ማመን ስለሚቀል የተፈጠረ ነው።

ከአደጋው በፊት ምን ያህል ስኬት አግኝቶ ነበር?

ብዙ። ከ1943 እስከ 1945 በጦርነቱ ምክንያት በአሜሪካ ጦር አየር ኃይል አገልግሎ ሲመለስ 33 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በ1946 ብቻ 13 ውድድሮችን አሸነፈ፤ የመጀመሪያውን ሜጀር ዋንጫውን፣ የፒጂኤ ሻምፒዮናን፣ በፖርትላንድ ያነሣውም በዚያ ዓመት ነው። ይኸው ዓመት በማስተርስም በዩኤስ ኦፕንም የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ አጭር ፑት (ኳሱን በመሬት ላይ አንከባሎ ወደ ቀዳዳው የሚያስገባ ቀላል ምት) ስቶ ዕድሉን ያጣበት ነበር። በ1948 የፒጂኤ ሻምፒዮናን ደገመ፤ በሎስ አንጀለስ በሪቪዬራ ሜዳ የተካሄደውንም ዩኤስ ኦፕን በ276 ምት አሸነፈ። ይህ የዩኤስ ኦፕን ክብረ ወሰን እስከ 1967 ድረስ አልተሰበረም።

የመኪናው አደጋ እንዴት ደረሰ?

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1949 ሆጋንና ቫለሪ በፊኒክስ ከተካሄደ ውድድር ወደ ፎርት ወርዝ በመኪናቸው እየተመለሱ ነበር። በምዕራብ ቴክሳስ፣ ቫን ሆርን በምትባል ከተማ አቅራቢያ መንገዱን ጉም ሸፍኖት ነበርና ሆጋን በዝግታ ይነዳ ነበር። ከፊት ለፊት ይመጣ የነበረ አውቶብስ ጭነት መኪና ለመቅደም ወደ እነርሱ መስመር ገባ። መሸሻ ስላልነበረ ሆጋን መሪውን ለቆ ሚስቱን ለመሸፈን ወደ እርሷ ተወረወረ። ግጭቱ የመሪውን ዘንግ ከቦታው ነቅሎ እርሱ ተቀምጦበት የነበረውን ወንበር በሳው። በሌላ አነጋገር፣ ሚስቱን ለማዳን ያደረገው ነገር የራሱንም ሕይወት አተረፈ። ቫለሪ ቀላል ጉዳት ብቻ ደረሰባት።

የሆጋን ዳሌ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የአንገቱ ሥር አጥንት፣ የግራ ቁርጭምጭሚቱና የጎን አጥንቱም ተጎዱ፤ የግራ ዓይኑም ከዚያ በኋላ እየደከመ ሄደ። ይበልጥ አስጊ የነበረው ግን በኋላ የመጣው የደም መርጋት ነው። የረጋው ደም ወደ ሳንባው መድረስ በመጀመሩ ሐኪሙ አልተን ኦክስነር ከኒው ኦርሊንስ በወታደራዊ አውሮፕላን ወደ ኤል ፓሶ መጥተው፣ ከታችኛው የሰውነት ክፍል ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ደም መልስ ቋጠሩት። ሕይወቱ ተረፈች፤ ነገር ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ የእግሮቹ የደም ዝውውር የተሟላ ሆኖ አያውቅም።

እንደገና መጫወት የቻለው እንዴት ነው?

ሁለት ወር ገደማ ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። በመጀመሪያ በቤቱ ውስጥ፣ ቀጥሎ በሰፈሩ፣ እየቆየም በጎልፍ ሜዳ ላይ መራመድን ተለማመደ። በዚያው ዓመት መገባደጃ አካባቢ በእንግሊዝ በተካሄደው፣ የአሜሪካና የብሪታንያ ቡድኖች በሚጋጠሙበት የራይደር ዋንጫ የአሜሪካ ቡድን አለቃ ሆኖ ቢሄድም አልተጫወተም።

በጃኑዋሪ 1950 በሎስ አንጀለስ ኦፕን ሲቀርብ አብዛኛው ሰው ለክብር የመጣ መስሎት ነበር። አራቱን ዙር ሲጨርስ ከሳም ስኒድ ጋር እኩል ነበር፤ የመለያውን ጨዋታ ስኒድ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆጋን የውድድር ጠዋት አንድ ዓይነት ሆነ፦ ለረጅም ሰዓት በሙቅ ውሃና በእንግሊዝ ጨው ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ሁለቱን እግሮቹን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን በሚለጠጥ ፋሻ ይጠቀልላል፤ ማታ ሲመለስ ያበጡትን እግሮቹን ከፍ አድርጎ ይተኛል። ሰውነቱ የሚችለው ይህን ያህል ብቻ መሆኑን ስለተረዳ በዓመት የሚጫወታቸውን ውድድሮች በጣት የሚቆጠሩ አደረገ፤ ጉልበቱንም ለሜጀሮቹ አጠራቀመ። ከ9 ሜጀር ዋንጫዎቹ 6ቱን የወሰደው ከአደጋው በኋላ ነው። ከአደጋው በፊት ያሳለፈው ልምምድ በቂ ስንቅ ባይሆነው ኖሮ፣ በዚህ ያህል ጥቂት ጨዋታ ይህን ማድረግ የሚታሰብ አልነበረም።

በሜሪዮን የተነሣው ፎቶግራፍ ታሪክ ምንድን ነው?

በጁን 1950 ዩኤስ ኦፕን ከፊላደልፊያ አጠገብ በሚገኘው ሜሪዮን ተካሄደ። በዚያን ጊዜ ደንብ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች በአንድ ቀን ስለሚካሄዱ ተጫዋቹ 36 ቀዳዳዎችን በእግሩ መጨረስ ነበረበት። ጤነኛ ሰው እንኳ የሚደክምበትን ይህን ቀን ሆጋን በተጠቀለሉ እግሮቹ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ፣ በ12ኛው ቀዳዳ፣ ኳሱን እንደመታ እግሩ ተሸማቅቆ ሊወድቅ ሲል ሰው ተደግፎ ቆመ። ከዚያ በኋላ የነበረው ብልጫ አንድ በአንድ አለቀና መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ፣ ከመሪዎቹ ጋር እኩል ለመሆን በአራት ምት መጨረስ ነበረበት።

ለሁለተኛው ምት ቁጥር 1 ብረቱን አወጣ። ይህ ዱላ ፊቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ኳስን ከፍ አድርጎ ለመምታት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ዛሬ ከረጢቱ ውስጥ የሚይዘው ተጫዋች የለም ማለት ይቻላል። ኳሱ ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት አጭር የታጨደ ሣር) ላይ አረፈ፤ ሆጋንም በሁለት ፑት ጨረሰ። ፎቶ አንሺው ሃይ ፔስኪን ከጀርባው ቆሞ ያነሣው፣ ዱላው ትከሻው ላይ ደርሶ ከፊት ለፊቱ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ግድግዳ ሠርቶ የሚታይበት ምስል የጎልፍ ዝነኛው ፎቶግራፍ ነው። በማግስቱ በተደረገው 18 ቀዳዳ የመለያ ጨዋታ ሆጋን 69፣ ሎይድ ማንግረም 73፣ ጆርጅ ፋዚዮ 75 መቱ። ማንግረም በ16ኛው ቀዳዳ ኳሱ ላይ ያረፈችን ነፍሳት ለማባረር ኳሱን ከመሬት በማንሣቱ ሁለት ምት ተቀጥቷል፤ ሆጋን በዚያ ሰዓት እየመራ ስለነበር ውጤቱን የወሰነው ቅጣቱ ነው ማለት ግን አይቻልም። ያ ቁጥር 1 ብረት ወዲያው ተሰርቆ ለብዙ ዓመታት ከጠፋ በኋላ ተገኝቶ አሁን በአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ሙዚየም ይገኛል።

1953 ለምን ልዩ ዓመት ይባላል?

በዚያ ዓመት ሆጋን 6 ውድድሮችን ተጫውቶ 5ቱን አሸነፈ፤ ከእነዚህም ሦስቱ ሜጀሮች ነበሩ። ማስተርስን በ274 ምት፣ በወቅቱ አዲስ ክብረ ወሰን፣ ወሰደ። በኦክሞንት የተካሄደውን ዩኤስ ኦፕን በ6 ምት ልዩነት አሸነፈ። ከዚያም በሕይወቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኦፕን ሻምፒዮና ሄደ።

ውድድሩ በስኮትላንድ፣ በካርኑስቲ ሜዳ ነበር። ሆጋን ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ደርሶ ተለማመደ፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው መሬት ደረቅና ጠንካራ ከመሆኑም ሌላ በብሪታንያ የሚሠራበት ኳስ ከአሜሪካው ያነሰ ነበር። በአሜሪካ የኳሱ ስፋት ቢያንስ 1.68 ኢንች ሲሆን በብሪታንያ 1.62 ኢንች ይፈቀድ ነበር። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ በነፋስ ውስጥ ግን ይታወቃል። በአራቱ ዙሮች 73፣ 71፣ 70 እና 68 መታ፤ በየዙሩ ከቀዳሚው ዙር የተሻለ ማለት ነው። ሲመለስ የኒው ዮርክ ከተማ በብሮድዌይ ጎዳና በወረቀት ዝናብ ተቀበለችው። በአንድ ዓመት ሦስት ሜጀሮችን ማሸነፍ ከዚያ በኋላ የተደገመው በ2000፣ በታይገር ዉድስ ነው።

በዚያ ዓመት አራተኛውን ለምን አልተጫወተም?

የፒጂኤ ሻምፒዮናና የኦፕን ሻምፒዮና ቀናት ስለተጋጩ ሁለቱንም መጫወት አይቻልም ነበር። ባይጋጩም ኖሮ መግባቱ ያጠራጥራል፤ የፒጂኤው ውድድር በዚያን ጊዜ አንድ ለአንድ በመጋጠም ለተከታታይ ቀናት ብዙ ቀዳዳ የሚያስኬድ ስለነበር፣ ከአደጋው በኋላ እግሮቹ አልቻሉለትምና ለዓመታት ርቆት ነበር።

ቀዝቃዛና የማይቀረብ ሰው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

በሜዳ ላይ ዝምተኛ መሆኑ እውነት ነው። ዓይኑን ከኳሱ ስለማያነሣ በአሜሪካ “ጭልፊቱ” የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር፤ ስኮትላንዳውያንም ትንሽ የበረዶ ሰው ይሉት ነበር። ሆኖም ዝምታን ከክፋት ጋር ማምታታት አይገባም። በልጅነቱ ያን ሐዘን ያየ፣ ለአሥር ዓመት ሲሸነፍ የኖረ ሰው ሐሳቡን ሰብስቦ የሚሠራበት የራሱ መንገድ ቢኖረው የሚያስነቅፈው አይመስለኝም። እንግዳ ሰው ፊት ቁጥብ ነበር፤ ሥራን በተመለከተ ደግሞ ለራሱም ለሌላውም የማይራራ ነበር። በ1953 ፎርት ወርዝ ውስጥ የጎልፍ ዱላ ፋብሪካ ሲያቋቁም፣ መጀመሪያ የተሠሩት ዱላዎች ስላላረኩት ኪሳራውን ችሎ እንዲወገዱ አደረገ። ድርጅቱን በ1960 ቢሸጥም ወደ ፋብሪካው መምጣቱን አልተወም።

ከ1953 በኋላ አንድም ሜጀር ያላሸነፈው ለምንድን ነው?

ከአንድ ጊዜ በላይ ለጥቂት አምልጦታል። በ1955፣ በሳን ፍራንሲስኮ ኦሊምፒክ ክበብ፣ አምስተኛውን የዩኤስ ኦፕን ዋንጫ ያነሣ መስሎ ሰው እንኳን ደስ አለህ ይለው ጀምሮ ነበር። ጃክ ፍሌክ የተባለ፣ ከአይዋ ግዛት የመጣ ብዙም የማይታወቅ ባለሙያ በመጨረሻው ቀዳዳ እኩል አደረገውና በማግስቱ በመለያው 69 ለ72 አሸነፈው። ፍሌክ የተጫወተው ከሆጋን ፋብሪካ በተላኩለት ዱላዎች ነበር።

በ1960፣ በ47 ዓመቱ፣ በዴንቨር አቅራቢያ በቼሪ ሂልስ ከ20 ዓመቱ አማተር (ለገንዘብ የማይጫወት) ጃክ ኒክላውስ ጋር አብሮ ይጫወት ነበር። በመጨረሻው ቀን ሁለት ቀዳዳ ሲቀረው ለመሪነት ተጠግቶ ሳለ፣ 17ኛው ላይ የመታው አጭር ኳስ ግሪኑ ጠርዝ ላይ አርፎ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ውሃ ውስጥ ገባ። አርኖልድ ፓልመር አሸነፈ። ከእነዚህ ሁለት ቀናት በስተቀር ዋናው ምክንያት ፑት ነበር። ከርቀት የሚመታው ኳስ እንደ ድሮው ነው፤ ግሪን ላይ ግን ከኳሱ በላይ ቆሞ ዱላውን ለማንቀሳቀስ እጁ እምቢ ይለው ጀመር። ለተመልካች ይህን ማየት ያሳዝን ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ እንዴት አለፉ?

በ1967 ማስተርስ በሦስተኛው ዙር፣ 54 ዓመቱን ይዞ፣ 66 መታ፤ ከዚህም ውስጥ የኋለኞቹን ዘጠኝ ቀዳዳዎች የጨረሰው በ30 ምት ብቻ ነው። በየግሪኑ ሲደርስ ሕዝቡ ብድግ እያለ ያጨበጭብለት ነበር። በማግስቱ እግሮቹ ከዱትና ወደ ኋላ ቀረ። በ1971 ሂዩስተን ላይ በጀመረው ውድድር ጉልበቱ ስለታመመ ዙሩን ሳይጨርስ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አልተወዳደረም። ልምምዱን ግን በፎርት ወርዝ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ ውድድር የማይጠብቀው ሰው ጥቂት ኳሶችን ይዞ ከሰው ራቅ ወዳለ የሜዳው ጥግ ይሄድና ይመታ ነበር። ጁላይ 25 ቀን 1997 በ84 ዓመቱ በዚያው ከተማ አረፈ። ቫለሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለችው።